ሳትጨርሰው የተውከው ኮከቤ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። የደብረ ኤልያሱ ቤት ቆርቆሮው ተቀይሯል። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ግን ደክሟል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደጋፊ ትፈልጋለች። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ።

ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳት ዛሬም አልቻልኩም። የጥንት ሰዎች ሰማዩን እንዴት ያነቡ እንደነበር አጠናለሁ ስላቸው ኮከብ ቆጣሪ እመስላቸዋለሁ፤ የልጃቸውን ስም ይዘው የሚመጡ አሉ። በዓላት የሚወጡበትን ቁጥር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፊዚክስ ተምሬ ስመለስ «ሰማዩ በዓሉን ይነግረናል፤ የሰውን ዕድሜ ግን አንጠይቀው» አልከኝ። እስካሁን በዚህ ቃልህ ሠራሁ።

ባለፈው ሰኞ የብራና መጻሕፍትህን ፎቶ ላነሳ ሣጥንህን ከፈትኩ። ከአንዱ ብራና መሀል የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ከላዩ በአንተ እጅ የእኔና የእማዬ ስም ተጽፎበታል። ኮከብ የሚቆጠረው በራስና በእናት ስም ነውና፣ ኮከቤን ልታወጣ እንደነበር ወዲያው ገባኝ፤ ሳልዘረጋው አስቀመጥኩት። አየህ አባዬ፣ አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶ፣ በሚመጣው ሐሙስ በቀዶ ሕክምና ሊያወጡልኝ ቀጥረውኛል። ክፉ ይሁን ደግ ሳይወጣ አይታወቅም አለኝ ሐኪሙ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ኮከብ የሰው ዕድሜ እንደማይቆርጥ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ። ያም ሆኖ ወረቀቱን መዘርጋት ሁለት ቀን ፈራሁ። እማዬን ስጠይቃት፣ ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ጥሎኝ ዓይኔን ሳልገልጥ በሰነበትኩበት ሳምንት የጻፍከው ነው አለችኝ። ብዕርህን ይዘህ ስታለቅስ አይታሃለች።

ዘረጋሁት። የስማችንን ፊደላት ወደ ቁጥር መንዝረህ ደምረሃል። ድምሩ ለዐሥራ ሁለት ተካፍሎ የሚተርፈው ነበር ኮከቤን የሚለየው፤ እዚያ ስትደርስ ትተኸዋል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

የቀረው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እርሳስ አነሳሁ፤ የሚተርፈውን ቁጥር ልጽፍ ስል መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ዘመን ምንም የማትፈራ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ አንተም እዚህ ስትደርስ ፈርተሃል።

ብራናዎቹን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ። ወረቀቱን ግን አላነሳሁትም፤ አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት።

አባዬ፣ አሁንም እፈራለሁ። ሐሙስ ጠዋት አንተን እያሰብኩ እገባለሁ። ትንፋሼ እስካለች ድረስ፣ በታመመች ልጅህ ራስጌ ብዕርህን ያስቀመጥክባትን ቀን አልረሳትም።

ልጅህ ትርንጎ