የተሸለመው ፎቶህ

ወንድሜ፣ ይህች ቃሌ በጤና ታግኝህ።

ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ሳሉስ ተወህ? እኛ እዚህ በደሴታችን በቫቫኡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ከመዘምራኑ አልቀረችም።

ፎቶህ መሸለሙን በሬዲዮ ሰማን። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ይመጣል፤ እማዬ ጎደሬ እየቀቀለች ታበላለች። እናት ዓሣ ነባሪና ግልገሏ ጎን ለጎን፣ ከሥር «እንጠብቃቸው» ተብሎ ተጽፎበት፣ አየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉኝ።

ያንን ፎቶ ባነሳህበት ቀን እኔም ባሕር ላይ ነበርኩ። ከአጎታችን ልጅ ከፊሊሞኔ ጋር፣ ዓሣ ነባሪዎቹን ለሚያጠኑት ሰዎች እንደ ወትሮዬ ጅራታቸውን ከሩቅ ፎቶ ሳነሳ። ፊሊሞኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ከፈለጉ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ካልፈለጉም ቤታቸው ነው» አለኝ። ይህን ያስተማርከን አንተ ነበርክ። ወዲያው ጀልባህ እያጓራ መጣ። እናቲቱ ግልገሏን በጀርባዋ ደግፋ ስትሸሽ ዞረህ መንገዷን ዘጋህባት። ግልገሏ ለትንፋሽ ብቅ ባለች ቁጥር አናቷ ላይ ነበርክ። ፊሊሞኔ «ተው አንተ ሰው! አራስ እኮ ናት!» ብሎ ቢጮህብህ፣ «አንዴ ብቻ! ብርሃኑ ሳይሄድብኝ!» ብለህ መለስክለት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግልገሏን ሞታ፣ ማዕበሉ ዳርቻው ላይ ተፍቷት አገኘናት። እናቷ ባሕሩ ውስጥ ካለው አለት ማዶ ወዲያና ወዲህ ስትል ዋለች። ታማ ነበር ትለኝ ይሆናል፤ ይሆናል። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ እሷን ግን አላነሳሁም።

እማዬ ያን ቀን ባሕሩ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አየች። «በወጋችን እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ አንቺ ካልሸፈንሽው ማን ይሸፍነዋል?» ብላ አለቀሰች። እኔም «በላዩ ከሆንኩማ በፊቴ ያንን ባላደረገ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አታናግረኝም።

ሰሞኑን የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ፈቃድ ሰጪዎቹ ይጠሩህ ይሆናል። በሹም ፊት ለክብር የሚታጠቁትን የአባባን ምንጣፍ ወገብህ ላይ ታጥቀህ፣ በወጉ ቅረብ። አንድ ፎቶ ያሳዩሃል፤ ትንሽ የደበዘዘ፣ የጀልባህ ቁጥር ግን የሚነበብ። ማን አነሳው ብለህ አትጠይቃቸው። በዚህ ደሴት ከሩቅ የሚያነሳ ስንት ሰው እንዳለ አንተም ታውቃለህ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የድሮውን ልብህንም ይመልስልህ።

ከአንጀቷ የምትወድህ
እህትህ