በሕይወት መኖርዎን ስለ ማረጋገጤ፤ ለክቡር ምክትል ከንቲባችን

ለክቡር አቶ ኦግንያን ካራስላቮቭ
የከተማችን ምክትል ከንቲባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤንነትዎ እንደምን እንዳለ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ በደብዳቤ መግቢያ ላይ ለወግ ያህል የሚጻፍ ጥያቄ እንዳይመስልዎ። የሠፈራችን ሰው ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱን ያሳለፈው እርስዎ አርፈዋል ብሎ አምኖ ነው። እኔም ለጥቂት ጊዜ ከኀዘንተኞቹ አንዷ ስለነበርኩ፣ በደህና ቆመው ሳገኝዎ የተሰማኝን የምገልጽበት ቃል አጥሮኛል። ትምህርቴ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ የተለቃቀመ ስለሆነ በጽሑፌ ውስጥ የሚጎድል ማዕረግ ቢያገኙ፣ ከተቀደደው ቁራጭ ጋር የቀረ ነው ብለው ይለፉኝ።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጁን 7 ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጠዋት አባርቶ ከዳኑብ ወንዝ በኩል እርጥብ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ የሊንደን ዛፎችም አብበው መንገዱን በሽታቸው ሞልተውት ነበር። በአደባባዩ የተገኙት የሙዚቃ ጓዱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ላሰናዳው፣ ፍንጭ እየተከተሉ በየጣቢያው ማኅተም ለሚያስመቱበት የበጎ አድራጎት የከተማ ጀብዱ ውድድር በሦስት በሦስት የተሰለፉ ቡድኖች፣ እንዲሁም ከኢዝግሬቭ ሠፈር የመጣነው እኛ ነበርን። እኛ ማለት እኔ፣ ጡረታ የወጣው ጀልባ ሠሪ ጎረቤቴ ጋሽ ስታመን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጥ የነበረችው ዶብሪንካ ነን። ዶብሪንካ የስኳር በሽታ አንድ እግሯን ካስቆረጣት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ማስታወቂያዎ እንደሚለው፣ ከውድድሩ በሚገኘው ገቢ አንድ የዊልቸር መወጣጫ ይሠራል፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሠራ የሚመርጠውም አሸናፊው ቡድን ነው። በሕንፃችን ውስጥ፣ ምስጋና ለሠሩት ይግባና፣ ሊፍት አለ። ሊፍቱ የሚጀምረው ግን ከመግቢያው ደረጃዎች በላይ ነው። ስለዚህ ዶብሪንካ ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ደረጃዎቹ ጫፍ ድረስ እንደ ንግሥት ትወርድና፣ ከዚያ የውጪውን በር አሻግራ አይታ እንደ ንግሥት ትመለሳለች። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ወደዚህ ውድድር የገባነው ለሌላ ለምንም አይደለም።

በዚያ ጠዋት እኔና ጋሽ ስታመን ከነወንበሯ ተሸክመን አወረድናት። ጋሽ ስታመን ሲያቃስት ጊዜ «ጀልባ ስታነሳም እንዲህ ታለቅስ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው። «ጀልባ አፍ የላትም» አላት። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስንደርስ ግን ወገቡን ይዞ ተቀመጠ፤ ወደ እኔም ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሩሳ፣ ማታ እንደምንም አወጣታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ አትጠብቁ» አለኝ። ዶብሪንካ ሰምታለች። እንዳልሰማች ሆና ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመረች።

እንግዲህ ይህን ከተረዱልኝ፣ የምስጋናዬንና የአቤቱታዬን ነጥቦች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ውድድሩን በሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ከተማው ሁሉ አበባና በስኳር የታሸ የስንዴ ንፍሮ ይዞ ወደ መቃብር በሚሄድበት ቀን ቁምጣ ለብሶ መሮጥ፣ እንቁላል በማንኪያ ይዞ ገበያ ማቋረጥ፣ በእሳት አደጋ መሰላል ላይ መውጣት፣ ለሟቾቻችን ታላቅ መጽናኛ እንደሆነ አልጠራጠርም። አንዲት አሮጊት፣ ጋሽ ስታመን ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ደወሉን ሲደውል አይታ «አሁንስ ገና ሳንሞት መጥራት ጀመሩ» ብላ አማተበች።

ሁለተኛ፤ የመጨረሻውን ፍንጭ ስለ ለጠፉበት መንገድ። ክቡርነትዎ እዚሁ ተወልደው ያደጉ በመሆንዎ፣ በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ በጥቁር ክፈፍ ተደርጎ፣ ከሥሩ ስሙ ተጽፎ፣ በቤቱ በርና በመንገድ ምሰሶ ላይ እንደሚለጠፍ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ማተሚያ ቤቱ ለሙታን የሚጠቀምበትን ክፈፍ ለእርስዎም አበድሮ ኖሮ፣ በየምሰሶው ላይ ፈገግ ያለው ፎቶግራፍዎ በጥቁር ተከብቦ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ሙሉ ስምዎና ይህ ቃል ታትሞ ተገኘ፦ «የመጀመሪያውን ድንጋይ ባኖርሁበት ቦታ እጠብቃችኋለሁ። ሁላችሁም ትመጣላችሁ።»

ጠዋት ውድድሩን የከፈቱት ሰው በድምፅ ማጉያ «ክቡር ምክትል ከንቲባችን እንደ አለመታደል ሆኖ ዛሬ ከእኛ ጋር የሉም» ብለው ስለነበር፣ የቀረ ጥርጣሬ አልነበረም። ሯጮቹ ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጥቂት በዝግታ ተራመዱ፤ ኮፍያቸውን መልሰው ፍንጩን ሌላ ቦታ ሊፈልጉ በረሩ። ከለቀስተኞቹ አንዷ «ትናንት እኮ በቴሌቪዥን አየሁት፣ ቀይ ሆኖ» ስትል ጓደኛዋ «ቀይ መሆኑ ነዋ፣ ደም ግፊት!» አለቻት። ለጊዜው የሠፈሩ ሐኪም እሷ ሆነች። የራስዎ ቢሮ ቡድን ማስታወቂያውን ሲያይ ሩጫውን አቁሞ፣ ወንበርዎን ማን ይወርሳል በሚል ተማከረ ይባላል። ይህን በዓይኔ ስላላየሁ እንደ እውነት አላቀርበውም፤ እንዳይሰሙት ግን አልፈለግሁም።

እኔም ራሴ አማትቤ ልገፋት ስል ዶብሪንካ የዊልቸሯን ጎማ በእጇ ያዘች። «ቁሚ! ሁለት ክረምት ማን እንደሞተ የሚነግረኝ ጠፍቶ አሁን አስሮጣችሁ ልታሳልፉኝ ነው? ላንብብ» አለችኝ። አነበበች። ከዚያ ሳቀች፤ በሟች ፊት የማይሳቅ ሳቅ ነው። «አንቺ ሩሳ፣ የሞተ ሰው እጠብቃችኋለሁ ብሎ ፊርማ አያኖርም። የመጀመሪያው ድንጋይ የታለ? የመዋኛ ገንዳው አይደል እንዴ!»

ሦስተኛ፤ ያ ድንጋይ። ክቡርነትዎ ለመዋኛ ገንዳችን የመሠረት ድንጋይ ካኖሩ ጀምሮ በላዩ ሁለተኛ ድንጋይ ባለመጨመርዎ ከልብ እናመሰግናለን፤ ሕንፃ ቢከብበው ኖሮ በዚያ ቀን አናገኘውም ነበር። ሣሩን እየገፋን ቀድመን ስንደርስ እርስዎን በሕይወት፣ በጥቁር መነፅርና በነጭ ሸሚዝ አገኘንዎ። ብቻዎን ግን አልነበሩም። ማስታወቂያውን ያነበቡ የሠፈራችን እናቶች ወደ መቃብር የጀመሩትን መንገድ አጥፈው፣ ሟቹ ጠርቶናል ብለው እዚያ ተሰብስበው ነበር። እርስዎን ሲያዩ የሆኑት ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የእርስዎ አቀባበል ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። አበባውን በደስታ ተቀበሉ። ንፍሮውን በማንኪያ ቀምሰው «በጣም ይጣፍጣል፣ እንዲህ መቸገር አልነበረባችሁም» አሉ። በመጨረሻ የአንዱን የአበባ እቅፍ ዘንጎች በዓይንዎ ሲቆጥሩ አየሁዎ፤ እኛ ጋ ጥንድ ቁጥር ያለው አበባ ለሟች ብቻ እንደሚሰጥ ያውቃሉና ማንኪያው አፍዎ ውስጥ ቆመ። ንፍሮውን ያመጡት እናት ግራ ቢገባቸው «እግዚአብሔር ይማርዎ ልጄ፤ አንዴ ተቀቅሏል፣ ይብሉት» አሉዎ።

አራተኛ፤ ስለ ፍርድዎ። ዳኛ የነበረችው ከቢሮዎ የመጣች ወይዘሪት ማኅተማችንን ሁሉ መርምራ ምንም ጉድለት ባላገኘችበት ጊዜ፣ ዓይኗ ወደ ዶብሪንካ ወንበር ወረደ። በደንቡ መሠረት ጎማ ባለው ማናቸውም ነገር የተጓዘ ቡድን ይሰረዛል አለችን። ብስክሌት እንዳይያዝ የተጻፈ እንደሆነ ጋሽ ስታመን ለማስረዳት ሞከረ። ዶብሪንካ ግን የድሮውን የአውቶቡስ ድምፅዋን አውጥታ «እሺ፣ ጎማው ይሰረዝ። እኔን አንሱኝና ሣሩ ላይ አስቀምጡኝ፤ እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ አንዱ ቤት ቀርቷል እንጂ!» አለች። ሰው ሳቀ። ወይዘሪቷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ወደ እርስዎ ዞረች። እርስዎም ንፍሮውን በወረቀት ጠቅልለው ኪስዎ ከከተቱ በኋላ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» ብለው ፈረዱ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ፍርዶች ሁሉ እኩል የሆነው ይህ ነው፤ ባለ ሁለት እግሩንም ባለ አንድ እግሩንም በእኩል በጎማ እንዳይሄድ ከልክሏል።

አምስተኛ፤ ከእኛ በኋላ የደረሰው የቢሮዎ ቡድን አሸናፊ ተብሎ መወጣጫውን የት እንደሚያሠራ ሲጠየቅ፣ ክቡርነትዎ ንግግር የሚያደርጉበትን መድረክ መርጧል። የድምፅ ማጉያ ሣጥኖቹ በደረጃ ለማውጣት ከባድ ናቸውና። ሣጥኖቹ ጎማ እንዳላቸው አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ በዚች ከተማ ጎማ ያለው ነገር ፈጽሞ ተስፋ እንደሌለው ሳስብ ነበር።

ስድስተኛ፤ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። ለጋሽ ስታመን ጠቦታል።

ማታ ዶብሪንካን አወጣናት። ሁለት ጊዜ አረፍን። ሊፍቱ በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዷ አልቀለደችም፤ ወደ ውጪው በር ዞራ ጥቂት ካየች በኋላ «ሊንደኑን ግን በደንብ አሸተትኩት» ብቻ አለች። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ስታመን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ለብዙ ጊዜ አልተነሳም።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት ያደረግሁትን፣ ሌላ ሰው ለውጦ እንዳይነግርዎ እኔው ራሴ እንዳለ እጽፍልዎታለሁ። ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ወጣሁ። ወደ መሠረት ድንጋዩ ሄድሁ። የአሸናፊዎቹ መቆሚያ፣ ከወፍራም ጣውላ የተሠራው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ በቀይ ቀለም የተጻፈበት፣ ሣሩ ላይ እንደ ቆመ ነበር። ዘበኛውን ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለማገዶ ፍለጠው ተብያለሁ፤ እኔ ደግሞ ምድጃ የለኝ። ከፈለግሽ ውሰጂው፣ እህቴ» አለኝ። ተመልሼ የጋሽ ስታመንን በር አንኳኳሁ። መጋዝና መዶሻ ብቻ እንዲይዝ፣ መሸከሙን ለእኛ እንዲተው ነገርሁት። ትናንት አበባ ይዘው የመጡት እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙንና ጣውላውን ተከፋፍለው ያዙ። ጋሽ ስታመን ለካ፣ ቆረጠ፣ የጀልባ ጎን እንደሚገጥም አድርጎ ደረጃዎቹ ላይ ገጠመው። ተዳፋቱ እንዳይፈጥን እስከ መንገዱ ዳር ድረስ አረዘመው፤ እንዳያንሸራትትም ካናቴራዎቹን ቀዶ ቸነከረበት። እኔ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ዶብሪንካን «ዳቦ አልቆብኛል፤ ሄደሽ ግዢልኝ» አልኋት። ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች፤ ፊቴን አይታ ዘጋችው።

ወረደች። ማንም አልነካትም። «አንድ» የሚለው ቀይ ቁጥር ላይ ስትደርስ ጎማዋን ያዝ አድርጋ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ዳቦ ቤት ገብታ ያለውን ዳቦ ሁሉ አንድ በአንድ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ስትመርጥ ባለ ሱቁ «ኧረ እትዬ ዶብሪንካ፣ ጨረሽው እኮ!» አላት። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

እግዚአብሔር ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና ጠንካራ ጉልበት እንዲሰጥዎ፣ የሚወጡበት ደረጃ ሁሉ ዝቅ እንዲልልዎ እየጸለይሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከምሰሶው ላይ ለሚያየኝ ፎቶግራፍዎ ጭምር ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሩሳ ትሪፎኖቫ
ኢዝግሬቭ ሠፈር፣ አራተኛው ሕንፃ፣ መወጣጫ ያለው

ማስታወሻ፦ መወጣጫው ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ተብሎ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ደርሶናል። ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ላሳስብዎ፤ የሟች ማስታወቂያን በእጅ ማንሣት ነውር ነው፣ ስለዚህ የእርስዎም እንደ ተለጠፈ ነው። አርባዎ ሲደርስ እንደ ወጉ በአዲስ መተካት አለብን፤ የሠፈሩ እናቶችም ስንዴውን ከወዲሁ ለቅመዋል። ለመታሰቢያው ወደ ሕንፃችን በሕይወት መጥተው ማስታወቂያውን በገዛ እጅዎ ቢያነሱ ደስ ይለናል፤ ደረጃው አያስቸግርዎትም። ካልመጡ ግን፣ የተሻለ ፎቶግራፍ ይላኩልን።