የማርትሬዛው መስመር

ሰኞ

ዛሬም «ተጭሯል በል» አለኝ አቶ ካሳዬ። ቆቦ ውስጥ ማሽላ የቀረው እሱ መጋዘን ብቻ ነው። ረሃብ ያፈናቀለው ሁሉ ያለችውን ማርትሬዛ፣ የድሮውን የብር ገንዘብ፣ በማሽላ ሊለውጥ ይዞ ይመጣል። እኔ አንጥረኛ ስለሆንኩ ብሩን እንድመረምርለት ቀጥሮኛል፤ የሚከፍለኝም በማሽላ ነው። ይሄ ሥራ ባይኖር እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ባለቤቴ እቴነሽ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

ጉዳት ያለበትን ብር በግማሽ ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ ጉዳት እንዳገኝለት ይፈልጋል። እኔ የተበሳውንና የተፋቀውን ብቻ ነው የምነግረው። አልወደደልኝም።

ማክሰኞ

ከዞብል የመጣች አስካለ የምትባል ሴት አንድ ማርትሬዛ ከመቀነቷ ፈታች። ልጇን አዝላለች፤ አያለቅስም። ዝም የሚል ሕፃን ያስፈራኛል።

ብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት አንገት ላይ ቀጭን መስመር አለ። ካሳዬ በደንብ ሳያየው «ተጭሯል» አለ። በጥፍሬ ዳበስኩት። ጭረት ቢሆን ጥፍሬ ይሰምጥ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከፍ ያለ ነው። ማተሚያው ተሰንጥቆ ኖሮ ብሩ ሲታተም ስንጥቁን ሞልቶ የወጣ ነው። ከብሩ የጎደለ ነገር የለም።

ካሳዬ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እቴነሽን አሰብኩ። አፌ ቀደመኝ።

«ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው። ብሩ ሙሉ ነው» አልኩ።

ሰልፈኛው ስለሰማ ካሳዬ ሳይወድ ሙሉውን አሰፈረላት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗ ማሽላው ላይ ነበር። ምን ይፈረድባታል!

ሰዉ ሲበተን ካሳዬ ሁለተኛ እንዳልመጣ ነገረኝ። አልጮኸም። የሠራሁበትንም አልሰጠኝም።

ረቡዕ

ለእቴነሽ ነገርኳት።

«የሰው ልጅ አበላህ። የእኔንስ ማን ያብላልኝ?»

ሥራ ፍለጋ ገበያውን ዞርኩ። በዚህ ጊዜ ጌጥ የሚያሠራ ማን አለ? መጋዘኑ በር ላይ ሌላ ሰው በቦታዬ ተቀምጧል። እሱ የሚያየው ብር ሁሉ ጭረት አለበት አሉ። እንግዲህ ምን ጠቀምኩ? አንዲት ሴት። ያውም ልጇ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም።

ሐሙስ

እቴነሽ የአንገቷን ማርትሬዛ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠች። የሰርጓ ነው። ማንጠልጠያውን የበየድኩላት ራሴ ነበርኩ። ካሳዬ ከእኔ እንደማይገዛ ታውቃለች። «ዋጃ ሂድ» ብቻ አለችኝ፤ እዚያም ማሽላ ያለው ነጋዴ አለ ይባላል።

ማንጠልጠያውን ስነቅል ጠርዙ ላይ ጠባሳ ቀረ።

ዓርብ

የጭነት መኪና ሾፌር ለምኜ ዋጃ ደረስኩ። ነጋዴው ሽማግሌ ነው። ጠባሳውን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው።

«ይሄ ሲሠራ የመጣ ነው ወይስ በኋላ?» አለኝ።

እንደማያውቅ ገባኝ። ሲሠራ ነው ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር።

«በኋላ ነው። እኔ ነኝ የበየድኩበት።»

ግማሽ ሰፈረልኝ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም መጣሁ።

እቴነሽ ከረጢቱን አንስታ ክብደቱን አየችው። ሳትጠይቀኝ የሆነውን ነገርኳት።

«ምን ዓይነቱን ሰው ነው ያገባሁት» አለች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ከዚያ ድስት ጣደች፤ ጠጋ ብላም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ይሄ ማሽላ ሲያልቅ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ዛሬ ግን በልተናል።