እጅ መስጠትና እጅ መጨበጥ

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጥሩአየሁ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከቆላው ወበቅ ወጥቶ፣ ዳገቱን አዝግሞ፣ ደጅዎ ሲደርስ በነፋሱ ቀዝቅዞ ይግባ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ቁርጥማቱ ለቀቅ አደረገዎ? ወንድሜ ማሩ ይህን ሲያነብልዎ ቸኩሎ እንዳይዘል ይንገሩት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ስጽፍ ግን እጄ ትንሽ ይቆማል።

የመጣሁት ሰሊጥ ላጭድ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ የሚሊሺያ ጠመንጃ አስያዙን። ከዚያ አንድ ካድሬ ከከተማ መጣና፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረ የጦር ሊቅ የተናገረውን ያስተምረን ጀመር። ከሁሉ የሚበልጠው አዛዥ ሳይዋጋ የሚያሸንፍ ነው አለን። አብሮኝ የሚያጭደው ደሞዝ ተነስቶ፣ ሰውየው ክላሽ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ካድሬው መሣሪያ ይለወጣል እንጂ የሰው ልብ አይለወጥም አለው። ቀጥሎ ጦርነት በጉም የተሸፈነ ነው ሲል፣ ባለሱቁ ሙሐመድጣሂር እጁን አውጥቶ፣ ጓድ፣ እዚህ አገር ጉም የለም፤ ታዲያ ጦርነቱ ይቅር? አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ስለ ልብ የተባለው ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ነገሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። እሑድ በሁለት ቡድን ተከፍለን ኮረብታውን ለመያዝ እንለማመዳለን፤ ያሸነፈው ቡድን ሰሜን ግንባር የመዝመት ክብር ያገኛል አለን ካድሬው። ክብር። ይህን ክብር ግን ከመካከላችን የፈለገ አልነበረም።

በእኛ ቡድን የተመካከረ ሰው አልነበረም። ብቻ ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ አንስተን፣ እጅ ልንሰጥ ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ የእነሙሐመድጣሂር ቡድንም በወዲያኛው በኩል እጁን አንስቶ ብቅ አለ። ቆምን። እኛ ቀድመናል አልናቸው። የለም፣ እኛ ገና ከግርጌው ጀምረን ነው ያነሳነው አሉ። ደሞዝ ለመማረክም ወረፋ አለው እንዴ ብሎ ተቆጣ።

ምን ይደረግ፤ ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ዝም ብሎ አይተላለፍም። ሙሐመድጣሂር እጁን አውርዶ ዘረጋልኝ። ጨበጥሁት። በዚህ በድንበሩ ቋንቋ ደህና ነህ ወይ ሲል፣ ተማም? አለኝ። ተማም። ቤተሰብ ተማም? ሰሊጡስ ተማም? ሁለቱ ጦር በሙሉ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ ጤና ሲጠያየቅ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች።

ካድሬው ከታች በመነጽር ያየን ነበር። እየሮጠ ወጣ። ሊጮህብን ነው ስንል እንባ አቅርሮ አቀፈን። አንዲት ጥይት ሳትተኮስ ኮረብታው ተያዘ፤ ሊቁ ያለው ይኸው ነው፤ ሁለታችሁም አሸንፋችኋል አለ።

ስለዚህ ማክሰኞ ሁላችንም እንዘምታለን።

እናቴ፣ አይደንግጡ። ይህን ማሩ ጎረቤት በማይሰማበት ድምፅ ያንብበው። በሰሜን ግንባር በወዲያኛው በኩል ያሉትም ጤናዎ እንዴት ነው ሲባል እየሰሙ ያደጉ ናቸው። ኮረብታ ላይ ከተገናኘን እጄን እዘረጋለሁ። እነሱም እንዲዘረጉ ይጸልዩልኝ።

እኅቴን ባንቺአየሁን ይሳሙልኝ። ማሩ ትምህርቱን ይያዝ፤ ጠመንጃ አይመኝ። አባቴ ጀምበሩ አርበኛ ናቸውና ወሬው ያሳፍራቸው ይሆናል። ልጅዎ እጅ ሰጠ አይበሏቸው፤ እጅ ጨበጠ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዋሴ
ገንዳ ውሃ፣ ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም.