ከመስመሩ የራቀችው ነጥብ

ባሕር ዳር፣ ረቡዕ ሚያዝያ 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ተማሪዬ ብርቱካን የማደሪያዋን ልጆች የእንቅልፍ ሰዓትና የፈተና ውጤት የሁለት ነገሮችን ዝምድና በመስመር በሚያሳየው በሪግሬሽን ቀመር በእጇ አስልታ፣ መስመሩን በግራፍ ወረቀት ላይ አስምራ ዛሬ አመጣችልኝ። የማንንም ስም አልጻፈችም። ብዙ የተኛች የተሻለ ታመጣለች ይላል መስመሩ። እኔ እንኳ እንዲህ አጥርቼ አልሠራውም!

አንዲት ነጥብ ግን ከመስመሩ በላይ ለብቻዋ ቀርታለች፤ ከሁሉም ያነሰ ተኝታ ከሁሉም የበለጠ ያመጣች።

«ይህችስ ስህተት ናት፤ አጥፊያት» ብዬ ላጲስ ሰጠኋት።

«ስህተት አይደለችም ጋሼ፤ እኔ ነኝ» አለችኝ አንገቷን ደፍታ።

ለካ አመሻሽ ላይ ዓባይ ማዶ ተሻግራ እናቶችን ፊደል ታስቆጥራለች፤ የራሷን ጥናት የምትጀምረው ከዚያ ተመልሳ ነው። ተኚ ልበላት? እንቅልፍ እንደሚበጅ ያስረዳችኝ እሷው ናት፤ ያውም ሳትተኛ።