ዘጠኝ ቀን የተዘጋ ፍንጭት

ማርች 14፣ ሶግዊፖ

የፊት ጥርሴን ፍንጭት የዘጋው ሙሌት ዛሬ ጠዋት ተነሣ።

ውድ ልጄ ቦራም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰኡል አሁንም ይበርዳል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ነፋሱ አልቆመም እንጂ ብርዱ ለቋል።

ይህን የምጽፍልሽ ከጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ሆኜ ነው። ወረቀቱን የሰጠችኝ እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ በጀርባው የጥርስ አቦራረሽ ሥዕል አለበት፣ እሱን እለፊው። ብትደውዪ ይሻል ነበር ትያለሽ። ስልክ ላይ ግን ገና አፌን ስከፍት «እማ፣ ገባኝ» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ፤ የገባሽ ነገር ግን የለም። ወረቀት አይቋረጥም።

ባለፈው ወር የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፍንጭት የሚዘጋበትን ሦስት መንገድ ከነፎቶው ልከሽልኝ ከሥሩ «ሁለቱ ቤተሰቦች ከሚገናኙበት መተያያ በፊት አንዱን ምረጪ» ብለሻል። በነጋታው ስትደውዪ ደግሞ «እማ፣ ያንቺን ካዩ የእኔንም ይጠይቃሉ» አልሽ። እኔም ስልኩን ዘጋሁ።

መጀመሪያ የእጮኛሽ የቴግዮም ቤት የገባሽ ቀን እናቱ አገጭሽን ይዛ «ጥርስሽ ግጥም ያለ ነው፤ የልጄ ሲሳይ አይፈስም» ማለቷን የነገርሽኝ እየሣቅሽ ነበር። ሴትዮዋ ፊት አይቶ ዕድል የሚናገር ሰው ሳታማክር ሠራተኛ እንኳ አትቀጥርም ብለሽኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፍንጭት ሲያይ የሚታየው የተቀደደ ኪስ ነው። ያንቺም እንደ እኔው እንደነበረና ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ በሽቦ እንዳዘጋሽው ለእሷም አልነገርሽ፣ ለልጇም አልነገርሽ። እኔ ደግሞ በሁለታችሁ መሐል ሣቄን ይዤ ልቀመጥ ነው።

ስለዚህ መጣሁ። ማርች 5 ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ሚን ይባላል፤ ባንቺ ዕድሜ ነው። አፌን አየና «ስንት ዓመትዎ ነው?» አለኝ።

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

«እስካሁን በዚህ ጥርስ ምን ሲያደርጉ ኖሩ?»

«ስበላበት።»

ሣቀ። ከዚያ በደንብ አስረዳኝ፤ ካንቺ ፎቶ ይልቅ እሱ ይሻላል። በሽቦ ከሆነ ጥርሶቹን ገፍቶ ለማገናኘት ዓመት ያልፈዋል፤ ከዚያም በኋላ ቀጭን ሽቦ ከጀርባ ተለጥፎ ይቀራል፣ አለዚያ ጥርስ የድሮ ቦታውን አይረሳም፣ ይመለሳል። የሸክላው ሽፋን እንደ ጥፍር የሳሳ ነው፤ በጣም ያምራል፤ ግን እሱን ለመለጠፍ የጥርሱ ፊት ይሞረዳል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደገና አይበቅልም። ሦስተኛው ነጭ ሙሌት ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ቀብተው በሰማያዊ መብራት ያደርቁታል። ምንም አይሞረድም፤ ግን ይሸረፋል፣ ይበልዛል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል።

ከጎኑ የተቀመጠችው አማካሪ «እናቴ፣ ለእርስዎ የሸክላው ነው የሚያምርብዎት» እያለች በኮምፒውተር ፊቴን አሳየችኝ። እኔ ሙሌቱን መረጥኩ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው አለኝ፤ አንድ ሰዓት አላጣም አልኩ።

መስተዋት ሲሰጡኝ ያየሁት አንቺን ነው። አልወደድኩትም፣ አልጠላሁትምም። ምላሴ ግን እየሄደ የተዘጋውን ቦታ ሲነካካ ዋለ፤ በሩን እንደቀየሩበት ውሻ።

አብረውኝ ባሕር ለሚጠልቁት ሴቶች አልነገርኩም። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መሽሞንሞን አማረኝ ብዬ ልንገራቸው? ድዴ ቆስሏል ብዬ ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ዋልኩ። ወደ ባሕር በሚወስደን መኪና ላይ ሲያወሩ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ማልሱን «ይቺ ሴትዮ ድዷ ነው ወይስ ምላሷ የቆሰለው? እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም» አለች። ማልሱን ስልሳ ሰባት ሞልቷታል፣ አሁንም የጠላቂዎቹ አለቃ እሷው ናት፣ ምላሷም እንዳለ ነው።

ማርች 8 ጭጋግ ወረደ። ስምንት ሆነን ባሕር ገባን። ልጅ ሆነሽ ዳር ተቀምጠሽ ትጠብቂኝ የነበረ ጊዜ እንዴት እንደምትለዪኝ ታስታውሺያለሽ፤ ከሥር ወጥተን የያዝነውን ትንፋሽ በጥርስና በከንፈር መሐል ስንለቀው የሁላችንም ፉጨት የየራሱ ነው። የኔ ቀጭን ነበር፤ እንደ ወፍ ነው ትይኝ ነበር። ጭጋግ ሲሆን ማልሱን የምትቆጥረን በዚያ ነው። ዓይን አይሠራም፤ ከራሷ ጋር ስምንት ፉጨት ከሰማች ስምንታችንም አለን ማለት ነው።

መጀመሪያ ስወጣና ስተነፍስ የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። «ፉ» አለ፤ ክዳኑ እንደተነሣ ጀበና። ገረመኝና ተመልሼ ገባሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስወጣ ማልሱን «ሱንዶክ! አንቺ ሱንዶክ!» ስትል ሰማሁ። ሦስት ቀን አፍ መዝጋት ለምጄ አልነበር? አለሁ ለማለት እጄን አነሣሁ። በዚያ ጭጋግ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ።

እሷ ዘንድ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሰባት የምታውቀው ፉጨትና አንድ የማታውቀው ይሰማታል። መጀመሪያ ከጎረቤት መንደር ሌባ ገባብን ብላ ተቆጣች። ቀጥላ እኔ እንደጎደልኩ ቆጠረች። እየዋኘች መጥታ ስጠልቅ ውሃው ላይ የምተወውን ተንሳፋፊዬን አገኘችው፤ እኔ አጠገቡ የለሁም። እኔ እኮ ከሥር ቀንድ አውጣ ከድንጋይ እየፈለቀቅሁ ነው። ማልሱን የያዘችውን ሁሉ ጥላ፣ ትንፋሿን እንኳ ሳታደላድል ተወርውራ ገባች። ወጣች፣ ደግሞ ገባች።

ሁለታችንም እኩል ወጣን፤ በመሐላችን ዐሥር ክንድ ቢሆን ነው። «ፉ» አልኩ። ዞር ብላ አየችኝ። ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል።

«ያ ሌባ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ዓይኗ ዞረ። የተንሳፋፊዋን ገመድ በጥርሴ ነክሼ፣ እሷን በብብቷ ይዤ እስከ ዳር ጎተትኳት። ሙሌቱ የተሸረፈው ያን ጊዜ ነው። ለአንቺ ስልክ ላይ «ተሸረፈ» ብቻ ነበር ያልኩሽ። አንቺም ወዲያው «እንግዲያው የሸክላውን አሠሪ» አልሽ። በምን እንደተሸረፈ አልጠየቅሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ።

አትደንግጪ፣ ማልሱን ደኅና ናት። ተቻኩላ ስትጠልቅ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል። የጆሮ ሐኪሙ በራሱ ይገጥማል ብሏል፤ እስከዚያ መጥለቅ የለም። በቀኝ ጆሮዋ ከዳር ሆና ትቆጥረናለች፤ በግራ በኩል የሚያናግራትን ሁሉ ትሰድባለች።

የዚያን ቀን ከባሕር ወጥተን የምንሞቅበትን እሳት ከበን ስንቀመጥ ፎጣ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ። ሰባቱም ተደርድረው አዩኝ።

ትንሿ ኩምሁዋ «ውይ እትዬ፣ ቆንጅተሻል እኮ!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት ማልሱን። ወደ እኔ ዞራ «ምን ሆነሽ ነው የዘጋሽው?»

«ልጄን ልድር ነው።»

«ልጅሽን ነው ጥርስሽን ነው የምትድሪው?»

ሁሉም ሣቁ። እኔ አልሣቅኩም። ማልሱንም አልሣቀች። «ለምን አልነገርሽንም?» አለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እሳቱን ቆሰቆስኩ።

እሷም ደኅናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረችና «በይ ተንፍሺ» አለች። ተነፈስኩ። «ድገሚው።» ደገምኩ። አንዷ እንደተነፈሰ ጎማ ነው አለች፣ ሌላዋ የለም የባሏን ማንኮራፋት ነው የሚመስለው አለች፣ ተከራከሩ። ሃያ ጊዜ ሳያስተነፍሱኝ አልቀሩም። መጨረሻ ላይ ማልሱን «አስቀያሚ ነው። ግን ለይቼዋለሁ» አለች። ሌሎቹም እንለምደዋለን አሉ።

ይህን የምነግርሽ ሌላ እንዳታስቢ ነው። ባሕሩ ከለከለኝ፣ ሴቶቹ ከለከሉኝ አልልሽም። ማንም አልከለከለኝም።

ዛሬ የመጣሁት አንቺ ባልሽው መሠረት የሸክላውን ላሠራ ነበር። ዶክተር ሚን መጀመሪያ የተሸረፈውን ሙሌት አነሣው። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። መስተዋቱን ይዞልኝ «ይኸው፣ ከሥሩ ያለው ጥርስዎ እንደነበረ ነው። እስካሁን ምንም አልተነካም» አለ። ከዚያ መሞረጃውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ከዚህ በኋላ ግን መመለስ የለም። እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ እርግጠኛ ናት» አልኩት።

«ጥርሱ የልጅዎ ነው?»

ፎርሙን ሰጠኝና አስበው ይፈርሙ፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ልይ ብሎ ወደዚህ አወጣኝ። ፎርሙ ጉልበቴ ላይ ነው። ስሜን ጽፌያለሁ። ፊርማው ይቀራል።

ቦራም፣ አንድ ነገር አለ። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ቴግዮም ደወለልኝ። መጀመሪያ ለመተያያው የትኛው ምግብ ቤት ይሻላል፣ ዓሣ ይሰለችዎታል ወይ ሲል ቆየ። ከዚያ ተንተባተበ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ግን ለቦራም እንዳይነግሩብኝ።»

አልነግርም አልኩት። ይኸው እየነገርኩሽ ነው።

«ከፊት ጥርሷ በስተጀርባ ያለው ሽቦ ያማታል እንዴ? ስትቦርሽ ድዷ ይደማል። ለእሱ የሚሆን የተለየ ብሩሽ ካለ ልገዛላት ብዬ ነው። እሷን ብጠይቃት የምትሸማቀቅ መሰለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አልኩት።

«መጀመሪያ አብረን የሣቅን ቀን ነዋ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አይደል የምትሥቀው።»

ዛሬ እንግዳ ተቀባይዋን ጠይቄለታለሁ። በጥርስና በጥርስ መሐል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ አለ፤ ከሁሉም ቀጭኑን ይግዛ ብላለች። መልእክት ልኬለታለሁ። በቅርቡ ብሩሽ ይዞልሽ ሲመጣ የማታውቂ ምሰዪ፤ ወይም አትምሰዪ። ያንቺ ፈንታ ነው።

ስለ እናቱ አላነሣሁበትም። ሴትዮዋ ምን እንደምትል አላውቅም። ስለሚፈስ ሲሳይ ልታወራ ትችላለች። እኔ በዚህ ጥርስ አርባ ዓመት ከባሕር ሥር እየለቀምኩ አንቺን አሳድጌ አስተምሬያለሁ፤ ምን እንደፈሰሰብኝ እሷ ትንገረኝ። አትፍሪ፣ እንዲህ ብዬ አልመልስላትም። ሾርባውን እየጠጣሁ ጥሩ ነው እላለሁ። ብቻ ስሥቅ አፌን በእጄ አልሸፍንም።

ለመተያያው ዐሥራ አራት ቀን አለሽ። ለእናቱ መንገር ያለባት አንቺ ነሽ፤ እኔ አፌን ከፍቼ እንድነግርልሽ አትጠብቂ፣ ዘግቼም እንድደብቅልሽ አትጠይቂኝ። አልተቀየምኩሽም። ያን ቀን ስልክ ላይ የተቀየምኩ መስሎሽ ከሆነ፣ አዎ፣ ተቀይሜ ነበር። አልፏል። የመረጥሽልኝን ግራጫ ቀሚስ እለብሰዋለሁ፤ ወገቡ ላይ ጠቦኛል፣ ኩምሁዋ ታሰፋልኛለች። ፀጉሬንም እንዳልሽው እሠራዋለሁ።

አሁን ማልሱን ደውላ ጮኸችብኝ። ዛሬ የመንደሩ የባሕር ቅጠል አጨዳ የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ውሃው በሰባት ሰዓት ይሸሻል፣ ከቤቱ ሰው ያልላከ ድርሻ የለውም። ሁሉም ማጭዱን ይዞ ዳር ወጥቷል አለች፤ እኔን ብቻ ነው የሚጠብቁት። የአምስት ሰዓት ተኩሉን አውቶቡስ ካልያዝኩ አልደርስም።

የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ። የያዝሽው ይርጋልሽ። ሣቅሽን የሚወድ ሰው ከጎንሽ አይጥፋ።

ስሜን እየጠሩ ነው። «ወይዘሮ ቡ ሱንዶክ፣ ወንበሩ ዝግጁ ነው» ትላለች አማካሪዋ። ፎርሙን ሳልፈርምበት የተቀመጥኩበት ላይ ትቼዋለሁ። በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማዬን አድርጌያለሁ። ለእንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን ልመልስላትና ልውጣ።

እናትሽ