አቶ መልአኩ ዘውዱና ሁለት መቶ ሃያ አራቱ ፊደላት

አቶ መልአኩ ዘውዱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ዘውዱ ልደቱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተማርያም ፀጋዬ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በተባለው ሰፈር ተወለዱ።

ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። በፈረንሳይኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1966 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ማስታወቂያ ይጽፉ ከነበሩት ከአቶ ኢስማኤል ዘንድ ሥራ ጀመሩ። ዐረብኛውንና ፈረንሳይኛውን አሠሪያቸው፣ አማርኛውን እርሳቸው ይጽፉ ነበር። የሹፌሮች ምግብ ቤት፣ የልብስ ሰፊ በር፣ የከባድ መኪና ግንባር በብሩሻቸው ተጽፏል። ፊደላቸው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ እግሩ መጨረሻው ላይ የሚሳሳ፣ ዘና ያለ ነበር፤ ማስመሪያ አይነኩም።

በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ስርጉት ሙሉሰው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ራኬብንና ጥበብን ወለዱ።

የማተሚያ ማሽን ሥራቸውን ከወሰደባቸው በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ልጃቸው ራኬብ የእጅ ጽሑፋቸውን ለርዕስና ለማስታወቂያ የሚያገለግል የኮምፒውተር ፊደል ልታደርገው ተነሣች። ለዚህም ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል አንድ በአንድ በብሩሽ መጻፍ ነበረባቸው። በዓመቱ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐኪሙም ሕመሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነገራቸው። እጃቸው የሚረጋው ጠዋት መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ለአርባ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በዚያች ጊዜ አንዳንድ ቀን ሁለት ፊደል ይጽፋሉ፤ አንዳንድ ቀን ምንም።

ብዙኃኑን ኀ ለመጨረሻ አቆዩት። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በእርሱ ፋንታ ሐመሩን ሐ ሲጽፉ ስለኖሩ እጃቸው አልለመደውም። ራኬብ ድካማቸውን አይታ፣ ድምፁ አንድ ነውና ሐመሩን ልተካበት ብትላቸው፣ «የወንድምሽን ፎቶ በአንቺ መታወቂያ ላይ ትለጥፊያለሽ? አርባ ዓመት ሰነፍኩ፤ ስንፍናዬን ለኮምፒውተር አላወርስም» አሏት።

ሁለት መቶ ሃያ አራቱን ጨርሰው፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከኀ እስከ ኆ ያሉትን የቀሩትን ሰባቱን ሞከሩ። አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ጽፈው አንዱንም አልተቀበሉትም። በዚያው ሰሞን የሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 23 ቀን በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ መልአኩ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የዚህ ወረቀት ርዕስ በእጃቸው ፊደል ታትሟል። «ኀዘን» የሚለው ቃል ግን በእርሳቸው ፊደል ሊጻፍ አይችልምና፣ ቤተሰባቸው ኀዘኑን በተራ የማተሚያ ፊደል ይገልጻል።

አምላክ የደከመች እጃቸውን ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ይደምርልን። አሜን።